ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

እግሬን ያመኛል፤ ከሱ ልጀምር። የመግለጫ አዳራሹ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ የተበላሸው እኔ ገና በሬዲዮ ጋዜጠኝነት ሳልቀጠር ነው። በሩ ላይ «በጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ከማርጀቱ የተነሳ ሁለት ጊዜ በፕላስተር ተጠግኗል፤ ሊፍቱ ግን አንድም ቀን ጠጋኝ አይቶ አያውቅም። በዚያ ደረጃ ጉልበቴን ይዤ ስወጣ ሁልጊዜ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ላይ ደርሼ የምሰማውን እዚህ ታች ሆኜም አውቀው የለም ወይ? ግን ምን ይደረግ፣ የደመወዝ ነገር ነው።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ስፖንጃቸው ወጥቷል። አየር ማቀዝቀዣው ከማቀዝቀዝ ይልቅ ማንጠባጠብ ስለሚወድ ከሥሩ ባልዲ ተደቅኖለታል። መድረኩ ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ፤ አቧራውን የሚያራግፍለት ጠፍቶ ግራጫ ሆኗል። ከሶኬቱ አጠገብ ያለችው ወንበር የኔ ናት። እሷን የነካ ከኔ ጋር አይስማማም፤ ሁሉም ያውቃል።

የመሥሪያ ቤቱን ቃል አቀባይ እኛ ጋዜጠኞች «ሳሙና» ነው የምንለው። ያዝነው ስንል ሙልጭ! ክፉ ሰው ነው እንዳልል ክፉ አይደለም፤ ሲያገኘን ሰላምታው የሞቀ ነው፣ የታመመ ካለ ይጠይቃል። ማይክሮፎኑ ፊት ሲቆም ግን ሌላ ሰው ነው። ስለ መብራት ስንጠይቀው ስለ ውኃ ይመልሳል። ስለ ውኃ ስንጠይቀው «ይህን ባለፈው ስለ መብራት ስትጠይቁ መልሼዋለሁ» ይላል። ታቅዷል፤ ተጀምሯል፤ በሂደት ላይ ነው፤ ትኩረት ተሰጥቶታል፤ እየተጣራ ነው። ማን አቀደው? ማን ጀመረው? ማን ነው ትኩረት የሰጠው? አይነገርም። እሱ ሲያወራ የሰማ ሰው አገሩ ውስጥ ሥራ ሁሉ ራሱን በራሱ የሚሠራ ይመስለዋል። ውኃ ወቀጣ ነው፤ ወቅጠን ወቅጠን ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ሰውዬ የሁለተኛ ደረጃ የቋንቋ አስተማሪዬ ነበር። እውነቴን ነው፤ ሰዋስው ያስተማረኝ እሱ ነው። ያኔ ቀጭን ነበር፣ ኮቱ ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ ዱቄት አይጠፋም። «ዳቦው ተበላ» ብዬ ጽፌ ስሰጠው በቀይ አክብቦ፣ «ማን ነው የበላው? ባለቤቱ የት አለ?» ብሎ ይመልስልኛል። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ማለት ባለቤት የሌለው ውሻ ማለት ነው፣ ቢነክስ የሚጠየቅለት የለም ይል ነበር። ሠላሳ ስምንት ተማሪ በሳቅ ሲያውካካ እሱ አይስቅም። እንግዲህ ያ ሰው ነው ዛሬ አገሩን ባለቤት በሌለው ውሻ የሞላው። አሁንም ብቻችንን ስንሆን ጋሼ ነው የምለው፤ እሱም አንቺ ልጅ ይለኛል፣ ሽበቴን እያየ።

አንድ ጊዜ መተላለፊያው ላይ ይዤ ጠይቄዋለሁ። ጋሼ፣ ባለቤቱን የት ጣሉት አልኩት። ቆም ብሎ መነጽሩን ወለወለና፣ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ ሲያስገባ እንደጣለው፣ የት እንደጣለው ግን እንደማያስታውስ ነገረኝ። እየቀለደ መሰለኝ። ፊቱን ሳየው ግን የደከመው ሰው ነበር፣ እኔም ትቼው ወረድኩ።

ከትናንት ወዲያ አመሻሹ ላይ የመሥሪያ ቤቱ አዲስ ሕንፃ ተደረመሰ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጀርባ ሁለት መንገድ ተሻግሮ የሚሠራ ባለ አምስት ፎቅ ነበር፤ ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ትልቅ ሥዕል ተለጥፎበታል። ሕንፃው ሲወድቅ ሥዕሉ ቆሞ ቀረ። በስልክ የተላከልን የመጀመሪያው መግለጫ አደጋው ከሥራ ሰዓት ውጪ በመድረሱ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም የሚል ነበር። ሲሚንቶው ከየት እንደተገዛ፣ ተቆጣጣሪው ማን እንደነበር የሚል ነገር የለበትም። የለመድነው ነው፣ አንብበን አለፍነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ትናንት ማለቴ ነው፣ አንድ አድማጭ ወደ ሬዲዮ ጣቢያችን ደወለ። በምድር ቤቱ ውኃ ይመነጫል፤ ውኃውን በፓምፕ የሚያወጣ አንድ ሠራተኛ አለ፤ ሌላው ሰው ሲወጣ እሱ ይገባል፤ ሕንፃው ሲወድቅ እዚያው ነበር፤ ሚስቱ አጥሩ ሥር ተቀምጣለች አለኝ። ስሙን ሳይነግረኝ ስልኩን ዘጋው። ወደ ቦታው ሄድኩ። ጥበቃዎቹ ከመንገዱ ማዶ መለሱኝ፤ ፈቃድ ከሕዝብ ግንኙነት አምጪ አሉኝ። ሕዝብ ግንኙነት ስሄድ መግለጫ ስላለ እዚያ ጠይቂ ተባልኩ። ስለዚህ ያንን ደረጃ እንደገና ወጣሁት።

እጄን አውጥቼ ጠየቅሁ። በምድር ቤቱ የፓምፕ ሠራተኛ ቀርቷል ይባላል፣ እውነት ነው ወይ አልኩ። ሳሙና ረዳቱ ያቀበለውን ወረቀት ገልጦ አነበበ። ረዳቱ ክራቫቱ የሚያንቀው፣ ፀጉሩ በቅባት የተለሰነ ሰው ነው፤ የሚነበበውን ሁሉ የሚያሰናዳው እሱ ነው።

«በምድር ቤት የነበረውን የፓምፕ ሠራተኛ በተመለከተ፣ እየተጣራ መሆኑ ታውቋል።»

ሁላችንም ጻፍነው። ቀና ያለ ሰው አልነበረም። የቴሌቪዥኑ ካሜራማን ካሜራውን አቁሞ እንደ ልማዱ እንቅልፉን ይለጥጣል። ከዚያ ሳሙና ገጹን ገለበጠና ፍርስራሹ ለአካባቢው ደህንነት ሲባል ነገ ከረፋዱ ጀምሮ እንደሚስተካከል አስታወቀ። ይስተካከላል ማለት በዶዘር ይደለደላል ማለት ነው። ሰው መኖር አለመኖሩ ሳይጣራ ዶዘር ይገባል ወይ ብዬ ተነሳሁ። ሁለቱም ጎን ለጎን እንደሚሄዱ መለሰልኝ። ይህንንም ጻፍኩት። ዜናው በሬዲዮ ወጣ፣ የሱ ድምፅም እንዳለ ወጣ፣ እኔም ቤቴ ሄጄ እግሬን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ አንድ ነገር ወስኜ ነበር። በቀጥታ ሥርጭት እጠይቀዋለሁ፣ ሰውየው አለ ወይስ የለም አስብለዋለሁ፣ ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት። አለቃዬን ለምኜ ሥርጭቱን አስፈቀድኩ። ገመዴን ሶኬቴ ላይ ሰካሁ።

አንድ አዲስ ሰው ነበር። የውጭ አገር ጋዜጠኛ ነው፣ ፀሐይ ያቃጠለው፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ የተጣበቀ። አጠገቡ አንድ አዛውንት አስተርጓሚ ተቀምጠዋል። የወትሮው አስተርጓሚ ታሞ እሳቸውን ከጡረታ ጠርተው አምጥተዋቸዋል፤ እዚህ አዳራሽ ገብተው አያውቁም። መግለጫ ሲነበብ ሰምተው ስለማያውቁ ምስኪኑ ሰውዬ እያንዳንዱን ቃል ከልባቸው ያዳምጣሉ። «ትኩረት ተሰጥቶታል» ሲባል ጎንበስ ብለው ለእንግዳቸው ሹክ ይሉታል፣ እንግዳውም ይጽፋል። እኔ በሆዴ፣ አይ አባቴ፣ ገና ይደክምዎታል አልኩ።

ሳሙና ስለ አካባቢው ደህንነት ተናገረ፣ ስለ መሥሪያ ቤቱ ቁርጠኝነት ተናገረ። ተራዬ ሲደርስ ጥያቄዬን በአጭሩ አቀረብኩ፤ በምድር ቤቱ ሰው አለ ወይስ የለም፣ በአንድ ቃል ይንገሩን አልኩ። ወረቀቱን ገለጠ። ያው የትናንቱ ወረቀት ነው። ያንኑ፣ አንድ ፊደል ሳይጨምር፣ እየተጣራ መሆኑ ታውቋል ብሎ አነበበ። ሌላ ጥያቄ ካለ አለ። እኔ ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? ውኃን ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው።

አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ሹክ አሉ። የውጭው ጋዜጠኛ ብዕሩን ጣለና እጁን አወጣ፤ በቋንቋው ፈጠን ፈጠን እያለ አንድ ነገር ተናገረ። አዛውንቱ ተነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዳው የሚሉት፣ ሰውየው እየተጣራ መሆኑን ካወቃችሁ፣ ምን እያለ ነው የሚጣራው? ነው የሚሉት። ደግሞም ለምን እስካሁን አላወጣችሁትም? ይላሉ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ካሜራማኑ ከእንቅልፉ ባንኖ ለምን እንደሚሳቅ ሳያውቅ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ሽማግሌው የሚጣራውን ጉዳይ የሚጣራ ሰው አደረጉት እኮ! ሰው ሲጮህም ይጣራል፣ ወሬ ሲመረመርም ይጣራል፤ ቋንቋችን ለሁለቱም ያወጣው አንድ ቃል ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ሰው የሚጣራበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ የሚጣራው ጉዳይ ብቻ ነው። አዛውንቱ ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው ዙሪያቸውን ይመለከታሉ።

ያልሳቀው ሳሙና ነው። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ ደግሞ አስጠጋው። የቤት ሥራ ሲያርም እንደዚህ ነበር የሚያደርገው። ሳቁ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ የማቀዝቀዣው ጠብታ ብቻ ቀረ። በጣቱ ረዳቱን ጠራው። ረዳቱ መጥቶ ጆሮው ሥር ቆመ፤ ማይክሮፎኑ ግን ክፍት ነበር፣ ሁላችንም እንሰማለን፣ አገሩም ይሰማል።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

ከቦታው ተደውሎ ነው አለ ረዳቱ።

«ተደውሎ አትበለኝ። ማን ደወለ?»

«ዘበኛው። ከትናንት ወዲያ ማታ።»

«ምን አለህ? እንዳለው ንገረኝ።»

ረዳቱ ክራቫቱን ላላ አደረገ። ወደኛ አየ፣ ወደ በሩ አየ።

«የፓምፑ ሰውዬ እየተጣራ ነው፣ ድረሱልን ነው ያለው። ድረሱልን የሚለው ለመግለጫ አይሆንም ብለን አወጣነው።»

ወይ ጉድ! እኔ በዚህ ሥራ ላይ ስንት ውሸት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ እውነት ግን ሰምቼ አላውቅም። የዋሸ ሰው የለም። ዘበኛው የሰማውን ተናገረ፣ ረዳቱ ቃሉን አሳመረ፣ ሳሙና ያሳመሩለትን አነበበ፣ እኛ ጻፍነው። ሰውየው ከመሬት በታች ሲጮህ ሙሉ ቀን አልፎታል፤ እኛም ጩኸቱን በዜና ሰዓት አስተላልፈንለታል፣ ከአየር ሁኔታው በፊት።

ሳሙና መድረኩን በሁለት እጁ ያዘ። ላብ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ረዳቱ «ጉዳዩ በጥልቀት እየታየ ነው ይበሉ፣ እሱ ይሻላል» እያለ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። ሳሙና አላየውም፤ ያየው እኔን ነው።

«ሰውየው ነው» አለ። «ባለቤቱ ሰውየው ነው። ሰውየው ነው የሚጣራው። ዶዘሩን የምትነዳው ሰው፣ የምትሰማኝ ከሆነ ሞተሩን አጥፋ። ማን አዘዘህ ቢሉህ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

ከዚያ ስሙን ከነአባቱ ተናገረ። እኔ እንኳ የአባቱን ስም ረስቼው ነበር።

የዶዘሩ ሹፌር በኋላ እንደነገረኝ ሞተሩ ሞቆ፣ ምላጩ ከመሬት ተነስቶ ነበር። ሬዲዮ የከፈተው እንቅልፍ እንዳይጥለው ነው። «መንግሥት ባለቤት ጠርቶ ሲናገር ሰምቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ» አለኝ። ሞተሩን አጥፍቶ አካፋ ፍለጋ ወረደ።

እኛም ወረድን። ያንን ደረጃ እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም፤ ጉልበት እንዳለኝ የረሳሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱን መንገድ ተሻግረን ስንደርስ ጥበቃዎቹ ፈቃድ ሊጠይቁን አፋቸውን ከፈቱና ከኋላችን ሳሙናን ሲያዩ ዘጉት። የሠፈሩ ሰው፣ የቀን ሠራተኞቹ፣ ሹፌሩ፣ ሁሉም በእጁም በአካፋውም ፍርስራሹ ላይ ወጣ። ካሜራማናችን ካሜራውን መሬት ላይ አስቀምጦ ድንጋይ ሲያቀብል አየሁት፤ ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ያን ካሜራ መሬት ሲያስነካው አይቼ አላውቅም። አዛውንቱ አስተርጓሚ ኮታቸውን አውልቀው ለእንግዳቸው አስያዙትና ባልዲ ተቀበሉ። እኔ ድምፅ እየቀዳሁ ነበር፤ በኋላ መቅጃውን ኪሴ ከትቼ ብሎኬት መሸከም ጀመርኩ።

ሳሙና ኮቱን ጥሎ ይቆፍራል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮሃል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይጮሃል። በመጨረሻ አነሳው። ከላይ ያሉት መሆናቸውን ከአቋቋሙ አወቅሁ፣ የለመደው ወገቡ ሳያስበው ጎንበስ አለ። ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ እስከኔ ይሰማል፤ መግለጫው በአስቸኳይ እንዲታረም ነው የሚሉት፤ ሰው እየተጣራ ነው የሚለው ወጥቶ ጉዳዩ እየተጣራ ነው በሚለው ይተካ ነው። እሱ አቧራ የሞላ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ ሐሳቡ በአዎንታ መታየቱን፣ በሂደትም ምላሽ እንደሚሰጥበት ነገራቸውና ዘጋው። ደክሞኝ እንኳ ሳቄ መጣ። ለካ ይህ ሁሉ ዓመት እኛ ላይ ሲለማመድ የኖረው ለዚች ቀን ነው።

«ጋሼ፣ ያባርሩዎታል» አልኩት።

«ይባረራል በይ» አለኝ፣ «ማን እንደሚያባርረኝ አይታወቅማ።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ጨበጠ።

በየመሃሉ አንዱ እጁን ያነሳና ሁላችንም ጸጥ እንላለን፣ ለማዳመጥ። አንድ መቶ የሚሆን ሰው ትንፋሹን ይዞ ይቆማል። ምንም የለም። ጥልቅ ስለሆነ ነው፣ ውኃው ድምፁን ስለዋጠው ነው ይላል አንዱ። እንደገና እንቆፍራለን። የሳሙና እጅ ተልጦ ደም በደም ሆኗል፤ ጓንት ሲሰጡት ለሌላ ያቀብላል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የምድር ቤቱን ጣራ አገኙት፣ ሰብረው ገቡ። ያወጡት በበር ሳንቃ ላይ አድርገው ነው። ጎልማሳ ሰው ነው፣ የውኃ ቦት ጫማ አድርጓል። ከመጀመሪያው አንስቶ ሲቆፍር የዋለው ሹፌር ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ሸፈነ። የአምቡላንሱ ሐኪም ተንበርክኮ አየው፣ ረጅም ጊዜ አየው፣ ተነስቶም ራሱን ነቀነቀ። ሕንፃው ሲወድቅ አልሞተም አለን። ከወገቡ በታች እንጂ ሌላው ደህና ነበር፤ እስከ ዛሬ ሌሊት ምናልባትም እስከ ማለዳ ድረስ በሕይወት ሳይቆይ አልቀረም፤ ትናንት ቢሆን ይደረስበት ነበር።

በዚያች ደቂቃ ረዳቱ እየሮጠ መጣ። አዲስ መግለጫ ይዟል፤ ሠራተኛውን በሕይወት ለማትረፍ የተቀናጀ ርብርብ እየተደረገ ነው ይላል። ሳንቃው ላይ ያለውን ሰው አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሊቆጣው የቻለ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ዝለናል።

ሚስቱ እስካሁን የት እንደነበረች ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ቆርቆሮ አጥሩ ሥር፣ የፓምፑ ቧንቧ ከምድር ቤት ተስቦ ወደ መንገዱ ቦይ በሚወጣበት ጋ ተቀምጣ ነበር፣ አንድ እጇን ቧንቧው ላይ አድርጋ። ሁለት ጎረቤቶቿ በግራና በቀኝ ደግፈው አመጧት። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ነጠላ ጫማ ያደረገች ሴት ናት፤ ሆቴል አንሶላ አጣቢ መሆኗን ነገሩኝ። ጎንበስ ብላ የባሏን ፊት በመዳፏ ጠረገች። የሱን አቧራ ከጠረገች በኋላ ቀና ብላ ከሁላችን መካከል ሳሙናን ለየችው።

«እርስዎ ነዎት በሬዲዮ የሚናገሩት?»

«እኔ ነኝ» አለ።

«ድምፅዎን አውቄው ነው።»

ትጮህበታለች ብዬ ነበር። ትሰድበዋለች፣ ፊቱን ትቧጥጠዋለች፣ እሱም ይህንኑ የሚጠብቅ መሰለኝ፤ እጁን ወደ ታች አድርጎ ቆመ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ ሊላት አፉን ሲከፍት ቀደመችው። ድምጿ ዝግ ያለ ነበር፣ ነገሩ ለራሷም ገና ያልገባት ሰው አነጋገር።

«ትናንትም ሰምቼዎታለሁ። እየተጣራ መሆኑ ታውቋል ሲሉ እልል ነበር ያልኩት። የሠፈሩ ሰው በባዶ እጁ ሊቆፍር ተነስቶ ነበር፤ ተዉ፣ መንግሥት አውቆታል፣ ስትነካኩ ይናድበታል ብዬ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ዛሬም ዶዘሩ ሲመጣ እሱን ሊያወጡ የመጡ መስሎኝ፣ ዞር በሉላቸው፣ መንገድ ልቀቁላቸው እያልኩ ሰውን ሳስወጣ ነበር።»

ጎረቤቷ ይበቃሻል እህቴ አለቻት። አልሰማቻትም።

«በዚህ ቧንቧ ነበር የምንነጋገረው» አለችው፣ ወደ አጥሩ እያሳየችው። «ሲጣራ ሲጣራ ድምፁ ተዘግቶ ነበር፤ አሳዘነኝ። እርስዎን እንደሰማሁ ጎንበስ ብዬ፣ ሰምተውሃል፣ በሬዲዮ ተናግረዋል፣ እየመጡልህ ነው፣ ከእንግዲህ አትጣራ፣ ጉልበትህን ቆጥብ አልኩት። እሺ አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተጣራም።»